የከተሞች መናፈሻና የውሾች ሥፍራ፡- ከአጥሩ በፊት ክትባቱ

በከተማ መናፈሻዎች ውስጥ ውሾች ከማሰሪያቸው ተፈትተው የሚንቀሳቀሱበትን ሥፍራ ለይቶ ማዘጋጀት በበርካታ አገሮች የከተማ ፕላን አካል ከሆነ ቆይቷል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በበርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ በ1979 የተከፈተው የኦሎኒ የውሾች መናፈሻ በዚህ ረገድ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል።

እነዚህ ሥፍራዎች በአብዛኛው ከሕጻናት መጫወቻ ርቀው የሚመረጡ፣ በአጥር የተከለሉና ውኃ የማይቋጥር መሬት ያላቸው ናቸው። መግቢያቸው በሁለት ተከታታይ በሮች የሚዘጋ ሲሆን፤ ይህም አንዱ ሲከፈት ሌላው ተዘግቶ ውሻው እንዳያመልጥ ያደርጋል። የመጠጥ ውኃና የኩስ መጣያም ይዘጋጅላቸዋል። የአሠራሩ መሠረት ግን አጥሩ ሳይሆን፣ ወደ ሥፍራው የሚገባው ውሻ ባለቤቱ የታወቀና የተከተበ መሆን እንዳለበት የሚደነግገው ደንብ ነው።

በከምባታ ዞን በምትገኘው አዲሎም ሆነ በዱራሜና በሆሳዕና ያለው ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። በእንሰት በተከበቡት የአካባቢው መኖሪያዎች ውሻ የሚያዝበት ዋነኛ ዓላማ ግቢን ማስጠበቅ ሲሆን፤ ቀን ታስሮ ሌሊት የሚለቀቀው በርካታ ነው። ባለቤታቸው የማይታወቁ ሌሎች ውሾች ደግሞ ገበያን፣ ሥጋ ቤትንና የቆሻሻ መጣያን ተከትለው ይኖራሉ። በመሆኑም ለከተሞቹ ቀዳሚው ጥያቄ ውሻው የት ይፈታ የሚለው ሳይሆን፣ ቀድሞውኑ ለተፈታው ውሻ ኃላፊነቱን ማን ይውሰድ የሚለው ነው።

ጉዳዩ የሰው ሕይወትን የሚመለከት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ በአብዛኛው ፈውስ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ለሞት ይዳርጋል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሾች ነው። ከሟቾቹ መካከል 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ሕጻናት ናቸው።

በአገራችን በርካታ ከተሞች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መፍትሔ ውሾችን በስትሪክኒን በተመረዘ ሥጋ ማስወገድ ነበር። ይህ ዘዴ ዘላቂ ውጤት አላስገኘም። ምግቡና መጠለያው እስካለ ድረስ በሞቱት ምትክ ከሌላ አካባቢ ያልተከተቡ ውሾች ይተካሉ፤ የተከተቡትም አብረው ያልቃሉ፤ መርዙም ለጅቦችና ለጥንብ አንሳዎች ይተርፋል።

ውጤቱ የተረጋገጠው መንገድ በየዓመቱ ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ነው። ይህ ደረጃ በተከታታይ ሲጠበቅ የበሽታው ሰንሰለት ይቋረጣል። ለምሳሌ በአንዲት ከተማ 500 ውሾች ቢኖሩ በየዓመቱ ቢያንስ 350ዎቹ መከተብ ይኖርባቸዋል። ክትባቱ በየዓመቱ መደገም ያለበትም የተከተቡት እየሞቱ ያልተከተቡ ቡችሎች ስለሚወለዱ ነው። ከዚህ አኳያ የውሾች ምዝገባ የጽሕፈት ሥራ ብቻ ሳይሆን የክትባቱ መለኪያ ነው፤ ያልተቆጠረ ውሻ በመቶኛ አይሰላምና።

ሁለተኛው ተግባር ተረፈ ምርትን ማስወገድ ነው። በከምባታ መሳላ፣ በሐዲያ ያሆዴ በሚከበሩበት ወቅት በየመንደሩ በቅርጫ ከብት ይታረዳል። በጉድጓድ ያልተቀበረ ተረፈ ምርት ውሾችን ከየአቅጣጫው ያሰባስባል። በየዓመቱ እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 28 የሚታሰበው የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀንም በዚሁ ወቅት ስለሚውል፣ ማዘጋጃ ቤቶችና የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤቶች የክትባት ዘመቻውን ከበዓሉ አስቀድመው ቢያካሂዱ በአንድ ጉዞ ሁለት ሥራ ይከናወናል።

ሕጉም የባለቤቱን ኃላፊነት በግልጽ አስቀምጧል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ውጪ ቢሆንም እንኳ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። ድንጋጌው ሥራ ላይ የሚውለው ግን ባለቤቱ ሲታወቅ ነው። ምዝገባው ለክትባት ብቻ ሳይሆን ለፍትሕም የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

የመናፈሻ ልማት በአሁኑ ወቅት ትኩረት አግኝቷል። በ2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ሆሳዕናን ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተሸጋግሯል። ገና በመስፋፋት ላይ ላሉ እንደ አዲሎ ያሉ ከተሞች ደግሞ በፕላናቸው ላይ ከትምህርት ቤት፣ ከገበያና ከቄራ የራቀ አነስተኛ ቦታ ከወዲሁ ማስቀመጥ ቀላል ነው። ቦታው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለዓመታዊ ክትባትና ምዝገባ ማከናወኛ ሊያገለግል ይችላል። ባለቤቶች ውሾቻቸውን በገመድ ይዘው ወደዚያ መምጣትን ሲለምዱና የተከተቡት ቁጥር ሲያድግ፣ አጥሩንና ድርብ በሩን ጨምሮ ወደ ውሾች መናፈሻነት ማሳደግ ይቻላል። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ አጥሩ ቢቀድም ግን ያልተከተቡ ውሾችን በአንድ ቦታ ማሰባሰብ ይሆናል።

ይህ እስኪሟላ ድረስ ኅብረተሰቡ ሊያውቀው የሚገባ ጥንቃቄ አለ። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም በባሕላዊ መድኃኒት ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የነከሰውን ውሻ ያለአደጋ መያዝ ከተቻለ ሳይገደል ለ10 ቀናት በባለሙያ ክትትል ሥር ማቆየት ይገባል፤ ሕክምናው ግን የክትትሉን ውጤት መጠበቅ የለበትም።

የከተማ ውበት በአበባና በአጥር ብቻ አይለካም። አንድ ሕጻን ያለሥጋት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ መመለስ መቻሉም መለኪያው ነው። የዚህ ሥራ መጀመሪያ ደግሞ በቀበሌው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የመጀመሪያው ውሻና የባለቤቱ ስም ነው።