ዲኪናጋን፦ የኦጂብዌ አንቀልባና ቋንቋው

ዲኪናጋን በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ፣ አሜሪካና ካናዳ በሚዋሰኑበት አገር የሚኖሩት ኦጂብዌዎች ሕፃን የሚይዙበት የእንጨት አንቀልባ ነው። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ግድም የሆነ ጣውላ ሲሆን ከግርጌው የእግር ማሳረፊያ፣ ከራስጌው ወደ ፊት የተቀለሰ የእንጨት ቅስት አለው። ጣውላው ቢወድቅ መሬት የሚመታው ቅስቱ እንጂ የሕፃኑ ግንባር አይደለም። በቅስቱ ላይ ክፉውን እንዲይዝ የሸረሪት ድር የመሰለ መረብ ይሰቀላል፤ ዛሬ ድሪምካቸር ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው ጌጥ ምንጩ ይኸው ነው። በዳይፐር ፋንታ ደግሞ ከረግረግ ተለቅሞ የደረቀ፣ እንደ ስፖንጅ እርጥበት የሚመጥ ለስላሳ ዕፅ ከሕፃኑ ሥር ይነጠፍ ነበር።

በኛ አንቀልባ የታዘለ ልጅ የሚያየው የእናቱን ጀርባ ነው። ዲኪናጋን ግን ዛፍ ወይም ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ሕፃኑ ፊቱን ለሰው ሰጥቶ፣ የሚያወሩትን ሰዎች አፍ እያየ ይውላል። ቋንቋን ለማስተላለፍ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ ማግኘት ያስቸግራል።

ሕፃኑ ሲፈታ ወደ ዌዌቢዞን ይገባል፤ በሁለት ገመድ መካከል ብርድ ልብስ ታጥፎ የሚሠራ ዥዋዥዌ ነው። የቃሉ መነሻ «ዌዌ» ወዲያና ወዲህ መወዛወዝን ያመለክታል፤ የእሽሩሩውም ድምፅ እሱው ነው። ስም የሚያወጣለት ሰውና ልጁ ደግሞ እንደ ሞክሼ በአንድ ቃል ይጠራራሉ፦ ኒያዌንኤ። በቃሉ ውስጥ «ሰውነቴ» የሚለው አለ።

ይህን የቋንቋ ቅብብል የበጠሱት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ልጆች ከቤተሰብ እየተነጠሉ ተወሰዱ፤ በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። ያን ያየ ወላጅ ለልጁ እንግሊዝኛ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ቋንቋውን ካደጉ በኋላ የተማሩ ወላጆች ዛሬ የሚጀምሩት በትእዛዝ ቃላት ነው፦ ኒባን፣ ተኛ፤ ዊሲኒን፣ ብላ፤ አምቤ፣ ና። እያንዳንዱ ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከአማርኛ በተለየ ወንድና ሴት አይለይም። በዊስኮንሲን እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተው ዋዶኮዳዲንግ ትምህርት ቤት በኦጂብዌ ያስተምራል። ልጆች እዚያ እስኪደርሱ ድረስ ያሉት ዓመታት ግን የቤት ናቸው።