የደም ምርመራ ወረቀት ብቻውን አይፈርድም

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አምባ ጊዮርጊስ ብርዷ የታወቀ ደጋ ናት። ይሁን እንጂ አየሩ ቢቀዘቅዝም በከፍታ ቦታ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። አንዲት የአካባቢው እናት አረም ስታርም ወይም ገበያ ስትውል ከጉንጭ እስከ ጉንጯ ሽፍታ ቢወጣባት፣ ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ቢሏት፣ ፀጉሯም ቢረግፍ ጎረቤት «ምች ነው» ይላል። ነገሩ ግን ሉፐስ የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል።

ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰውነትን ከተዋህስያን የሚጠብቁት ፀረ እንግዳ አካላት ወዳጅና ጠላት መለየት ተስኗቸው የገዛ አካልን ሲያጠቁ የሚመጣ ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው።

በሽታው ሲጠረጠር በቅድሚያ የሚታዘዘው የደም ምርመራ ኤ.ኤን.ኤ. ይባላል። ከ100 የሉፐስ ታማሚዎች ከ95 በሚበልጡት ላይ ይገኛል። ሆኖም በጥቂት መጠን በብዙ ጤነኛ ሰዎችም ደም ውስጥ አለ። ስለሆነም ተገኘ ተብሎ መደንገጥ አይገባም፤ አለመገኘቱ ግን በሽታውን በእጅጉ ያርቀዋል።

ሌሎቹ ምርመራዎች የየራሳቸው ትርጉም አላቸው። ፀረ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው መጠኑ ከፍ ሲል ኩላሊት እንዳይጎዳ ያሠጋልና ሐኪሙ ሽንትም ይመረምራል። ፀረ ሮ የተባለው ያለባት ነፍሰ ጡር ደግሞ ክትትል ያስፈልጋታል፤ አልፎ አልፎ የፅንሱን የልብ ምት ያዘገያልና።

ከሁሉ ይልቅ የቤተሰብን ሰላም የሚነካው ፀረ ፎስፎሊፒድ የተባለው ነው። ይህ ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ፣ ፅንስም ተደጋግሞ እንዲጨነግፍ ያደርጋል። ከዚህም በላይ በእርግዝና ጊዜ የሚደረገውን የቂጥኝ ምርመራ ሊያሳስት ይችላል፤ ቪ.ዲ.አር.ኤል. የተባለው ምርመራ የሚሠራበት ቅመም ከዚሁ ፀረ አካል ጋር ይገጥማልና። በዚህ ምክንያት ቂጥኝ የሌለባት ሴት «አለብሽ» ልትባል ትችላለች። ባልና ሚስት ከመካሰሳቸው በፊት ማረጋገጫው ሁለተኛ ምርመራ መደረጉን ይጠይቁ። ይህ ሲባል ግን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መተው ማለት አይደለም፤ ቂጥኝ በእርግጥ ካለ ፅንሱን ይጎዳል።

እንግዲህ እናቶች ሆይ፣ ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ሽፍታውን፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙን፣ የጨነገፈውንም ፅንስ ሳትሸሽጉ ተናገሩ። ወረቀቱ የሚነበበው ከዚህ ታሪክ ጋር ነውና። በሽታው ከተረጋገጠም ተስፋ አይቆረጥም። ቀድሞ ለወባ የታሰበው ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ዛሬ ለሉፐስ ዋነኛ መድኃኒት ሲሆን፣ በእርግዝና ጊዜም አይቋረጥም። ከፀሐይ መጠለያ ጃንጥላ መያዝም ለታማሚዋ ቅንጦት ሳይሆን የሕክምናው ክፍል ነው። ጎረቤትም «ምች ነው» ብሎ ከማዘግየት ይልቅ ሐኪም ቤት ቢሸኛት የበለጠ ይረዳታል።