«ብረት ከነካው ይሰራጫል»፦ ስለ ዕጢ የሚባለውና እውነቱ

በነጌሌ ቦረናም ሆነ በያቤሎና በሞያሌ አንዲት ሴት ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ፣ ሐኪም ሳያያት ብዙ ፍርድ ይሰጥባታል። አንዱ የቡዳ ነው ይላል፤ ሌላው እርግማን ነው ይላል፤ ሦስተኛው «እሳት አስነኪው» ብሎ ይመክራታል። የሁሉም መነሻ ግን አንድ እምነት ነው፤ ዕጢ ከውጭ መጥቶ ሥጋ ውስጥ የሰፈረ ባዕድ ነገር ነው የሚል። ይህን እምነት የምሞግተው ሰው እየገደለ ስለሆነ ነው።

ዕጢ የሚወጣው ከራሳችን ሕዋስ ነው። እያንዳንዳችን ከአንድ ሕዋስ ተነሥተን፣ ሕዋሱ እየተከፋፈለ፣ ወደ 30 ትሪሊዮን የሚጠጋ ሕዋስ ይኖረናል። ካደግንም በኋላ መከፋፈሉ አይቆምም። የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን በጥቂት ቀናት ይታደሳል፤ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ኖሮ በአዲስ ይተካል። አንድ ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት በ46 ክሮሞሶሞቹ ላይ ያለውን ዲኤንኤ በሙሉ ይገለብጣል፤ ይህም ወደ 6 ቢሊዮን የሚጠጋ ጥንድ ፊደል ነው። ከዚያ የተገለበጡት ክሮሞሶሞች መሃል ላይ ይሰለፋሉ፤ ከሁለቱም ጫፍ የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች ይይዟቸውና እኩል እኩል ወደ ሁለት ወገን ይስቧቸዋል። በመጨረሻም የሕዋሱ ወገብ ጠቦ ሁለት ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በፈቃድ ነው። በቦረና ዱብሉቅ፣ ቱላ በሚባለው የውሃ ጉድጓድ፣ ከብት ሁሉ ተጠምቶ ቢመጣም የሚጠጣው በተራው ነው እንጂ በጉልበቱ አይደለም፤ ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። ሕዋስም ውስጥ እንዲሁ ተራ የሚያስጠብቁ አሉ። ዲኤንኤው ሳይሳሳት ተገልብጧል ወይ? ክሮሞሶሞቹ ሁሉ በክሮቹ ተይዘዋል ወይ? ስህተት ካገኙ ክፍፍሉን ያስቆማሉ። ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ከእነዚህ ጠባቂዎች ዋነኛው ሲሆን፣ ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። ሕዋስ በምን ሥርዓት እንደሚከፋፈል የደረሱበት ሊላንድ ሃርትዌል፣ ቲም ሃንትና ፖል ነርስ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ካንሰር የሚባለው አደገኛ ዕጢ የሚጀምረው ጠባቂዎቹ ራሳቸው ሲበላሹ ነው። በሰው ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ ፒ53 ተጎድቶ ይገኛል።

«ድንገት ያዘኝ» ይላል በሽተኛው። ድንገት የተገለጠው ምልክቱ ነው። አንድ ሕዋስ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙ ስህተቶች አንዱ በሌላው ላይ መደራረብ አለባቸው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ዓመታት ይፈጃል። የማኅፀን በር ካንሰር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሂውማን ፓፒሎማ የሚባለው ቫይረስ ወደ ማኅፀን በር ሕዋስ ገብቶ ፒ53ን የሚያጠፋ ፕሮቲን ይሠራል። ያም ሆኖ ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ነርሷ የማኅፀኑን በር አሴቲክ አሲድ ቀብታ የነጣ ቦታ መኖሩን ማየት ትችላለች፤ ካገኘችም ቦታውን በማቀዝቀዝ ማከም ይቻላል። ክትባቱም በሀገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መሰጠት የጀመረው 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች ነው። «ክትባቱ ያመክናል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ክትባቱ የተሠራው ከቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው፤ የቫይረሱ ዘረ መል የለበትም።

እዚህ ላይ «ካንሰር ይተላለፋል» የሚለውን ማጥራት ይገባል። በሽተኛዋን ማቀፍ፣ አብሯት መብላት፣ ልብሷን ማጠብ ካንሰር አያስይዝም። የሚተላለፉት እንደ ፓፒሎማና የጉበት ቫይረስ ቢ ያሉ፣ ቆይተው ካንሰር ሊያመጡ የሚችሉ ቫይረሶች ናቸው። ለሁለቱም ክትባት አለ። ካንሰር የያዛትን እናት ሳህን መለየት ግን ጭካኔ እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

«ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው እምነት የተወለደው ከእውነተኛ ሐዘን ነው። ሰው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በወሩ ሲሞት ያየ ቤተሰብ ቢላዋውን ቢወቅስ አይፈረድበትም። ግን ያ ሰው ሆስፒታል የደረሰው መቼ ነው? ከነጌሌ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ነው፤ የጨረር ሕክምናም ለብዙ ዓመታት በመላው ሀገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ብዙዎች የሚደርሱት ዕጢው ከተሰራጨ በኋላ ነው። የካንሰር ሕዋስ ለመሰራጨት ብረት አይጠብቅም። ከጎረቤቶቹ ጋር የሚያያይዘው ሲላላ በደምና በሊምፍ ቧንቧ ተጉዞ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አጥንት ላይ ያርፋል። ለምርመራ በሚወሰድ ናሙና ምክንያት መሰራጨቱ እጅግ ብርቅ ነው፤ ናሙና ሳይወሰድ ግን የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ማወቅ አይቻልም።

እሳት ማስነካቱ የባሰ ነው። የጋለው ብረት የሚያቃጥለው ቆዳውን ነው፤ ከሥሩ ያለው ዕጢ ማደጉን ይቀጥላል። ለዓመታት የማይድን የቃጠሎ ቁስል ደግሞ ራሱ ወደ ቆዳ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ምክንያቱ ከላይ ካልነው ጋር አንድ ነው፤ ቁስሉን ለመዝጋት ሕዋሱ ደጋግሞ ይከፋፈላል፤ በተከፋፈለ ቁጥር ሲገለብጥ የመሳሳት ዕድሉ ይጨምራል።

ስለ ትኩስ ሻይም በዚሁ መንገድ ማሰብ ይቻላል። ለነጌሌ ጎረቤት በሆነው በባሌ፣ እንዲሁም በአርሲ፣ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት እንደሚታይ ሐኪሞች ካስተዋሉ ቆይተዋል። ለምን እንደበዛ ገና እየተጠና ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር መንስኤ መሆኑ በጣም የሚገመት ነው ብሎ መድቦታል። ጥፋቱ የሻይ ቅጠሉ አይደለም። ግለቱ ሽፋኑን ያቃጥላል፤ የተቃጠለው በአዲስ ክፍፍል ይተካል፤ ነገም እንዲሁ ይደገማል። ጥቂት ማብረድ ምንም ወጪ የለውም።

«ዕድሜ ከረዘመ ካንሰር አይቀርም» የሚሉም አሉ። ዕድሜ አደጋውን መጨመሩ እውነት ነው። ነገር ግን በዚሁ በደቡብና በምሥራቅ ቆላችን ከመሬት ሥር የሚኖረውን ፀጉር አልባ ፍልፈል እንይ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ አይጥ የሚያክል እንስሳ ከ30 ዓመት በላይ ይኖራል፤ ካንሰር ግን እምብዛም አይታይበትም። ሕዋሱ ከጎረቤቱ ጋር ገና መነካካት ሲጀምር መከፋፈሉን ያቆማል። ሥጋውን መብላት አይጠቅምም፤ ጥበቃው ያለው በገዛ ሕዋሱ አሠራር ውስጥ ነው። የዓለም ተመራማሪዎች ይህን ጥበቃ ለመረዳት ይደክማሉ፤ ልጆቻችን ደግሞ እንስሳው ከእግራቸው ሥር እንዳለ እንኳ አይነገራቸውም። ይህ በትምህርት ቤቶቻችን ሊስተካከል ይገባል።

የክፍፍል ስህተት ሁሉ ካንሰር አይሆንም። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ልጅ ሲወለድ እናቱ ትወቀሳለች፤ ክፉ ነገር ረግጣ ነው፣ ተረግማ ነው ይባላል። እውነቱ አብዛኛውን ጊዜ የእንቁላሉ ሕዋስ ሲዘጋጅ 21ኛው ክሮሞሶም በትክክል አለመለያየቱና ልጁ 47 ክሮሞሶም ይዞ መወለዱ ነው። ፈረንሳዊው ዤሮም ለዠን ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እናቲቱ ያጠፋችው ነገር የለም።

ብዙ ሰው ከሁሉም በላይ የሚዘናጋው ግን «ካላመመኝ ምን አለው» በሚለው ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር በአብዛኛው አያምም። ስለዚህ ጡት ወይም አንገት ላይ የወጣ እብጠት፣ የማይድን ቁስል፣ ወይም ምግብ ሲውጡ የሚይዝ ነገር ሦስት ሳምንት ካለፈው፣ ቢያምም ባያምም እሳት አያስነኩት፤ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከወር አበባ ውጭ ደም ከታየ ደግሞ ቀን አይቁጠሩ። ወደ ሆስፒታል ከላኩዎት ወረቀቱን ይዘው በዚያው ሳምንት ይነሡ።