ፍርዱ ካለቀ በኋላ

በወሎ አንድ ነገር የሕግ ሰው ግራ ያጋባል። ነፍሰ ገዳይ ተከሶ፣ ተፈርዶበት፣ ወህኒ ከወረደም በኋላ የሟችና የገዳይ ወገኖች ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ። መዝገቡ ተዘግቷል፤ ታዲያ ምን ቀራቸው?

ሕጉን ገለጥሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5፣ ተከራካሪዎች ከተስማሙ የግልና የቤተሰብ ጉዳያቸው በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ስለ ደም ግን የሚለው የለም።

ፍንጩ ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን መጣ። አንትሮፖሎጂስቷ መሮን ዘለቀ በዚያ ስላለው የሼኮች ችሎት ያጠኑትን አኮርድ የተባለው ራሱን የቻለ የደቡብ አፍሪካ አስታራቂ ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. በመጽሔቱ አሳትሞታል። ችሎቱ ፖሊስም እስር ቤትም የለውም። ያለው መሐላ፣ ዱዓና የእርግማን ፍርሃት ነው። በሐሰት የማለ ሰው መዓት ቤቱ ድረስ እንደሚከተለው ያምናል።

ነገሩ እዚህ ላይ በራልኝ። ዳኛ ገዳዩን ይቀጣል፤ የሟች ወንድም ግን የገዳዩን ወንድም ነገ ገበያ ላይ ያገኘዋል። ሼኮቹና አበጋር የሚባሉት የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም የሚያደርቁት በሁለት ሰዎች ሳይሆን በሁለት ወገኖች መካከል ነው፤ ሁለቱም ወገን በተገኘበት፣ ጎረቤት እየሰማ።

እርቁ ጎረቤት እየሰማ መሆኑ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ አዲስ አበባን ሳስታውስ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. 38 የተቃዋሚው የቅንጅት ፓርቲ መሪዎችና አባላት በይቅርታ ተፈቱ፤ ዕድሜ ልክ ከተፈረደባቸው ገና አራት ቀናቸው የሆኑ ነበሩባቸው። መንገዱን የጠረጉት በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ንግግሩ በዝግ ነበርና ይቅርታው እንዴት እንደተገኘ መንግሥትና ታሳሪዎች የየራሳቸውን አወሩ። ከተፈቱት አንዷ ብርቱካን ሚደቅሳ ስለዚሁ ይቅርታ ስዊድን ውስጥ በተናገሩት ሳቢያ በ2001 ዓ.ም. እንደገና ታሰሩ። «ስምምነቱ እንዲህ ነበር» ብሎ በአደባባይ የሚመሰክር ጎረቤት አልነበረም።

የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን ረግጦ ካለፈ ወዲህ ለእርቅ የሚደክሙ ድርጅቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹን ከቀያቸው ነቅላችሁ ሆቴል አዳራሽ አታስገቧቸው። አበሉን ተዉት፤ ለመንገዳቸው ደግፏቸው፤ እርቁ ግን የተበደለውም የበደለውም ቤተሰብ በሚሰማበት ይነገር።