የይቅርታ ቃል በእንግሊዝኛ፤ ለማን ምን ይባላል?

ይቅርታ መጠየቅ ለማንም ሰው የሚከብድ ነገር ነው። በባዕድ ቋንቋ ሲሆን ደግሞ ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ያጠፋው ሰው ከልቡ ቢጸጸትም እንኳ ቃሉን ያለ ቦታው ያስገባው እንደ ሆነ፥ ሰሚው ወይ ንቀት ወይ ፌዝ አድርጎ ሊቈጥርበት ይችላል። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርታችንን በእንግሊዝኛ የምንከታተል ስለ ሆንን፥ ነገ ለዩኒቨርሲቲም ሆነ ለመሥሪያ ቤት በዚሁ ቋንቋ መጻፋችን አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን ጥቂት ዘርዘር አድርጎ መመልከቱ ይጠቅማል።

በአማርኛ አክብሮት የሚታየው በግሡ ላይ ነው። ለወንድማችን «ይቅርታ አድርግልኝ»፥ ለእኅታችን «አድርጊልኝ»፥ ለታላቅ ሰው ደግሞ «ያድርጉልኝ» እንላለን። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ መልኩ ብቻ ይለወጣል። እንግሊዝኛ ግን አንተንም አንቺንም እርስዎንም «ዩ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራል። በጥንት ዘመን ለአንድ ቅርብ ሰው «ዛው»፥ ለብዙዎችና ለተከበረ ሰው «ዩ» ይባል ነበር፤ በኋላ ግን «ዛው» ከተለመደው ንግግር እየወጣ ሄደ። እንግዲህ እንግሊዞች አንተን ጥለው እርስዎን ለሁሉም አደረጉት ማለት ነው። ታዲያ አክብሮቱ በምን ይታወቃል ቢባል፥ በቃል ምርጫና በዐረፍተ ነገሩ ርዝመት ነው።

የቃሉ ምርጫም ታሪክ አለው። በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ከያዘ በኋላ፥ ፈረንሳይኛ ለረዥም ጊዜ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ። የጥንቱ እንግሊዝኛ ግን በሕዝቡ ቤት ቀረ። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ የቤቱ ቃል አጭርና ቅርብ፥ ከውጭ የመጣው ቃል ረዥምና የክብር ሆኖ ይሰማል። «ሶሪ» የቤቱ ቃል ነው፤ ሥሩም ሕመም ወይም ቍስል ከሚል ቃል ጋር ዘመድ ነው። «ፓርደን» የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። «አፖሎጂ» ደግሞ መነሻው ግሪክኛ ሲሆን፥ የቀድሞ ትርጓሜው በፍርድ ፊት የሚቀርብ የመከላከያ ንግግር ነበር። ስለ ሶቅራጥስ መከላከያ ፕላቶን የጻፈው መጽሐፍ የተጠራው በዚሁ ስም ነው።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ እንምጣ። በአውቶቡስ ውስጥ የሰው እግር ብንረግጥ፥ ለጓደኛችን ጥቂት ብንዘገይ «ሶሪ» ይበቃል። በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ኳስ ሲጫወቱ ያጠፋው ልጅ «ማይ ባድ» ይላል፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለቱ ነው። ይህ ግን ከጓደኛ አልፎ ለአስተማሪ ቢባል ድፍረት ይሆናል። ለአስተማሪ ፊት ለፊት ስንናገር «አይ አም ቬሪ ሶሪ፥ ሰር» ማለት መካከለኛውና ደኅናው መንገድ ነው። «ኤክስኪዩዝ ሚ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከድርጊቱ በፊት፥ ለማለፍ ወይም ሰው ለመጥራት ነው። «ፓርደን?» ደግሞ ያልሰማነው እንዲደገምልን መጠየቂያ ነው።

በደብዳቤ ሲሆን «አይ አፖሎጃይዝ ፎር» ብሎ ጥፋቱን በስሙ መጥራት ይገባል። ለምሳሌ ማስረጃውን አዘግይቶ የላከ ተማሪ፥ መጀመሪያ መዘግየቱን ጠቅሶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይገልጻል፤ በመጨረሻም የጐደለውን መቼ እንደሚያሟላ ይናገራል። እዚህ ላይ አማርኛችን የሚያሳስተን አንድ ነገር አለ። እኛ «ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ» ስለምንል፥ «አይ አፖሎጃይዝ ዩ» ማለት ይቀናናል። ትክክለኛው «አፖሎጃይዝ ቱ ዩ» ነው። የክብሩ ቃል ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት ግን አይደለም። አንድ ልጅ እናቱን በእንግሊዝኛ «ፕሊዝ አክሴፕት ማይ አፖሎጂስ» ቢላት፥ እንደ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ስለሚሆን ልቧን ከማራራት ይልቅ ያቀዘቅዘዋል።

ከዚህም ሌላ «ሶሪ» ሁሉ ይቅርታ አይደለም። ኀዘን ለደረሰበት ሰው «አይ አም ሶሪ» ሲባል እኛ «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንደምንለው ነው እንጂ፥ ተናጋሪው በሞቱ እጄ አለበት ማለቱ አይደለም። ይህ የትርጕም መንታነት በትልልቅ ጉዳዮችም ታይቷል። በአውስትራሊያ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1970 ገደማ ድረስ ብዙ የነባሩ ሕዝብ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥቀው ተወስደው ነበር። በ1997 ዓ.ም. ነገሩን የመረመረው ሪፖርት መንግሥት ይቅርታ እንዲጠይቅ አሳሰበ። በ1999 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ «ሪግሬት» የሚለውን የጸጸት ቃል በፓርላማ አስወሰኑ፤ የዛሬው ትውልድ በቀደሙት ሥራ ጥፋተኛ ሊባል አይገባውም በማለት ግን «ሶሪ» ከማለት ተቈጠቡ። ተበዳዮቹ አልረኩም። በየካቲት ወር 2008 ዓ.ም. (ይህ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በፓርላማ ተነሥተው «አፖሎጃይዝ» የሚለውንም «ሶሪ» የሚለውንም ተናገሩ። የመጀመሪያው ቃል ለመንግሥት ሥርዓት የሚገባ ነበር፤ ልጆቻቸውን ያጡት እናቶችና ተነጥቀው ያደጉት ልጆች ዓመታት ሙሉ የጠበቁት ግን ሁለተኛውን፥ ትንሹን የቤት ቃል ነበር።

እንግዲህ ውድ ጓደኞቼ፥ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ከመጠየቃችን በፊት ሦስት ነገር እንመርምር፤ ሰውዬው ማን ነው? ጥፋቱ ምን ያህል ነው? የምንናገረው በቃል ነው ወይስ በጽሑፍ? ከዚህ በኋላ ከሁለት ትንንሽ ቃላት እንጠንቀቅ። «ኢፍ» ብለን «ተቀይመህ እንደ ሆነ» ስንል በደሉን እንጠራጠራለን፤ «በት» ብለን «ነገር ግን» ስንል ደግሞ የጠየቅነውን ይቅርታ መልሰን እንወስዳለን። እነዚህን ትተን ጥፋታችንን በስሙ ከጠራን፥ እንግሊዝኛችን ጥቂት ቢሰናከልም እንኳ ሰሚው ሐሳባችንን አይስተውም።