የደንገል ታንኳ

የደንገል ታንኳ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ከሚበቅል ደንገል የሚሠራ ጀልባ ነው። ሥራው በተለይ ከወይጦ ማኅበረሰብ ጋር ይያያዛል። የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ተጠፍሮ ይታሰራል፤ ጫፉም ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቀዛፊው በረጅም ሽመል ይገፋዋል። የዘጌ ሰዎች ማገዶ ጭነው ወደ ባሕር ዳር ይሻገሩበት ነበር።

ወደ ውኃ ማስገባትና ማውጣት

በባሕር ጠረፍ ጀልባ የሚያስገባ ሰው የውኃውን ሙላትና ሽሽት ይጠብቃል። ጣና ግን ሐይቅ በመሆኑ ይህ አይታወቅበትም፤ የሚያሰጋው ነፋስ የሚያስነሣው ማዕበል ነው። ደረቅ ታንኳ ቀላል ስለሆነ በሰው ትከሻ ይወርዳል። የሚንሳፈፈው ደንገሉ በውስጡ አየር ስለያዘ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ተጎትቶ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይደርቃል። እርጥብ ከተተወ ይበሰብሳል። በደንብ ቢያዝም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ በአዲስ ይተካል።

ከጣና ውጭ

ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ የተነሣበት «ራ» የተሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር። ጀልባው ውኃ ጠጥቶ መንገድ ላይ ቀረ፤ በ1970 «ራ 2» ባርባዶስ ደረሰ።

የዛሬ ሁኔታ

የሐይቁ ዳርቻ ለእርሻ እየዋለ በመሄዱ ደንገሉ ቀንሷል፤ የሞተርና የእንጨት ጀልባዎችም ታንኳውን እየተኩት ነው። ደንገሉ ከጠፋ የታንኳ ሥራ ሙያም አብሮት ይጠፋል።