መርዝ የተቀበረበት የጎሾች መስክ

ከዴንቨር በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ኮሜርስ ሲቲ አጠገብ፣ ከ6 ሺህ ሄክታር በሚበልጥ ሣራማ ሜዳ ላይ ጎሾች ይግጣሉ። አውሮራ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የታክሲ ሹፌር በዚያ ሲያልፉ መኪናቸውን ቀስ አድርገው፣ "አየህ ልጄ፣ ይኼ ሁሉ የጦር ሠራዊት ግቢ ነበር። ከሥሩ ያለውን እግዜር ነው የሚያውቀው" አሉት ለዚህ ጸሐፊ። መጣጥፉን ያስጀመረው ይህ ንግግራቸው ነው።

ከሥሩ ያለውን መዝገብም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1942፣ ፐርል ሃርበር በተደበደበ በወራት ውስጥ፣ የአሜሪካ መንግሥት ገበሬዎችን አስነሥቶ የሮኪ ማውንቴን የጦር መሣሪያ ፋብሪካን ተከለ። በመጀመሪያ የሰናፍጭ ጋዝና ተቀጣጣይ ቦምብ ተመረተበት። ይህ ጋዝ ሰውን ምን እንደሚያደርግ፣ የፋሺስት ኢጣልያን ወረራ ለሚያስታውስ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከ1953 እስከ 1957 ሳሪን የተባለው የነርቭ መርዝ ተከተለ። ሼል ኩባንያ ደግሞ ከ1952 እስከ 1982 ፀረ ተባይ ኬሚካል አመረተበት። ዝቃጩ ክፍት ኩሬ ውስጥ ይደፋ ስለነበር ወደ ከርሠ ምድር ውኃ ሰርጎ የጎረቤት ገበሬዎችን ሰብል አበላሸ።

ሠራዊቱ በ1961 መፍትሔ ያለውን አደረገ፦ ከ3,600 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። በመጋቢት 1962 ፈሳሹ ዝቃጭ በግፊት ወደ ጥልቁ መግባት ጀመረ፤ በሚያዝያ ምድሪቱ ትንቀጠቀጥ ያዘች። ዴቪድ ኢቫንስ የተባለ የሥነ ምድር ባለሙያ በ1965 የገባውን ፈሳሽ መጠንና የመንቀጥቀጡን ብዛት ጎን ለጎን አስቀምጦ ግንኙነቱን በአደባባይ አሳየ። በተከታዩ ዓመት፣ በየካቲት 1966፣ ፈሳሹን ወደ ጉድጓዱ መልቀቁ ቆመ። ግፊቱ ግን በዐለቱ ስንጥቆች መስፋፋቱን አላቆመም፤ ከሁሉ የበረታው መንቀጥቀጥ የመጣው በነሐሴ 1967 ነው። ሰው ሳያስበው የመሬት መንቀጥቀጥ ሊቀሰቅስ እንደሚችል ዓለም ከተማረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው።

ታሪኩን ያዞረው ንስር ነበር። ግቢው ለሕዝብ ለዓመታት ዝግ ስለነበር አጋዘኑና አይጠ መጎጡ በዝቶ ኖሯል። በ1986 የበረዶ ወራት፣ ያኔ ሊጠፉ ተቃርበው የነበሩት ነጭ ራስ ንስሮች ግቢው ውስጥ ሲያድሩ ተገኙ። በ1987 ቦታው በአገሪቱ እጅግ የተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በ1992 ኮንግረስ የዱር እንስሳት መጠለያ እንዲሆን ሕግ አወጣ። በ2007 ከሞንታና 16 ጎሾች መጡ። በ2010 ዋናው ጽዳት ሲጠናቀቅ ወጪው 2.1 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር።

የጸዳው ለማን ነው? በቦታው ቤት መሥራት፣ የከርሠ ምድሩን ውኃ መጠጣት፣ የተያዘውን ዓሣና አራዊት መብላት ክልክል ነው። "ዓሣውን አጥምደህ ትመልሰዋለህ" ይላሉ ሹፌሩ። "ሥጋው አይበላ፣ ውኃው አይጠጣ፣ ታዲያ ጸዳ የሚሉት ምኑን ነው?" ለእንስሳት መከለሉ የጽዳቱን ደረጃ ዝቅ አድርጎ እንደሆነ የተጠየቁ አንድ ኃላፊ፣ ለጎብኚ የሚሰጥ በራሪ ወረቀት አቀብለው ዝም አሉ።

ጎሾቹና ንስሮቹ መትረፋቸው ትልቅ ነገር ነው፤ አስፋልትና ኮንዶሚኒየም ቢሆን ኖሮ ሜዳው አይኖርም ነበር። ሥራው አልቋል ማለት ግን ሐሰት ነው። አብዛኛው የተበከለ አፈር እዚያው ተሸፍኖ ተቀብሯል፤ ሠራዊቱ መቃብሮቹን ዛሬም ይጠብቃል፤ የከርሠ ምድሩም ውኃ ገና እየተጣራ ነው።